ዘግይታ የደረሰች ኖታ

በከተማው ውስጥ የእሱን ጣቶች ያልሰማ ጆሮ አይገኝም። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት፣ የጥርስ ሐኪም ደጃፍ ላይ ተራ ሲጠበቅ፣ ፍቅረኛዋ የከዳት ልጅ ትራሷን አቅፋ ስታለቅስ፣ ከበስተጀርባ ሆኖ የሚጫወተው እሱ ነው። ፊቱን የሚያውቁት ግን ጎረቤቶቹ፣ ሚስቱና አማቱ ብቻ ነበሩ፤ አማቱም ቢሆኑ ባያውቁት ደስታቸው ነበር።

ሥራው ስቱዲዮ ውስጥ ጊታር መጫወት ነው። ባንድ የለውም፣ መድረክ አይወጣም። አንድ ዘፋኝ አልበም ሊያወጣ ሲነሳ ይጠራል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ የተባለውን ይጫወታል፣ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዘፈኑ ሲወጣ አገር ያብዳል። ገጣሚው ይመሰገናል፣ የዜማው ደራሲ ይመሰገናል፣ የዘፋኙ ጃኬት ሳይቀር ይመሰገናል። ምሰሶ ግን ጣሪያ ተሸክሞ ይኖራል እንጂ ማን ዞር ብሎ አይቶት ያውቃል።

የሙያው ሰዎች «ልድገም» ይሉታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የተጫወተው ነገር አንድም ቀን አጥግቦት አያውቅምና። ቀዩ መብራት ሲጠፋ፣ ኢንጂነሩ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ አውራ ጣቱን ሲያነሳለት፣ እሱ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «አንዴ ብቻ ልድገም» ይላል። ያቺን «አንዴ» ስድስት ጊዜ ይደግማታል። ኢንጂነሩም የመጀመሪያውን ያስቀርና የቀረውን እያጠፋ «ስድስተኛው ተአምር ነው» ይለዋል። ሁለቱ በዚህች ውሸት ተስማምተው፣ ክፉ ደግ ሳይነጋገሩ ኖሩ።

ስቱዲዮው ያለው የአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ምንጣፍ ለብሷል። የጆሮ ማዳመጫው ተሰብሮ በፕላስተር ተጠምጥሟል። የልድገም ወንበር ሲቀመጡበት ስለሚንቋቋ አራቱም እግሮቹ ካልሲ ተደርጎላቸዋል፤ የሁለቱ ጥቁር፣ የሁለቱ ደግሞ ባለመስመር። ከበላያቸው የልብስ ስፌት ቤት አለ፤ አሥራ አራት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ይንጣጣል። ያንን ድምፅ የሚመክት ምንጣፍ ስላልተሠራ፣ ለስለስ ያለ ነገር ሁሉ የሚቀዳው ልብስ ሰፊዎቹ ምሳ ሲወጡ ነው። እንግዲህ የዚያ አገር የፍቅር ዘፈን ሁሉ የቆመው በአሥራ አራት ልብስ ሰፊዎች ረሃብ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንዳቸው ሳንድዊች ይዞ የመጣ ቀን፣ ስንት እንባ ሳይፈስ ቀርቷል።

አቀዳዱም ደንብ አለው። መጀመሪያ ከበሮና ቤዝ፣ ቀጥሎ ጊታር፣ ዘፋኙ ግን ሌላ ቀን፣ ብቻውን ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልድገም ሲጫወት ከፊቱ ማንም የለም። አንድ ማይክ ዘንጉ ላይ ተሰቅሎ ባዶውን ይቆማል። እሱ ያቺን ማይክ እያየ፣ ገና ላልመጣ ድምፅ መንገድ ይጠርጋል፤ እዚህ ጋ ትተነፍሳለች፣ እዚህ ጋ ታዝናለች እያለ ቦታ ይተውላታል። ለሌለ ሰው ወንበር ስቦ፣ ለሌለ ሰው በር ከፍቶ፣ ለሌለ ሰው ተሽቆጥቁጦ ሠላሳ አንድ ዓመት። ሌላ ሰው ቢሆን ጸበል ይወስዱት ነበር፤ እሱን ግን ሙያተኛ አሉት።

ይህን ሁሉ ለአማቱ ማስረዳት ነው የከበደው። አማቱ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከእነሱ ጋር ይኖራሉ። ሟች የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ከነኮፍያቸው፣ ከትልቁ መስታወት ኋላ ተቀምጠው ከተማው ሁሉ እያያቸው ነው ጡረታ የወጡት። ለአማቱ ሥራ ማለት የሚታይ ነገር ነው። ራዲዮው ሲከፈትና ሚስቱ «እማዬ፣ ይሄ እሱ ነው» ስትል፣ እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ራዲዮውን ያዩታል፤ ከዚያ እሱን ያዩታል። «ላም አለኝ በሰማይ» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ በየዓመቱ ቃሉ ሳይለወጥ፣ «ሰማን እኮ ልጄ፤ መቼ ነው የምናየው?» ይሉታል። በሳቅ ነው የሚሉት። ልድገምም ይስቃል። ሳቁ ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያጠረ ሄዷል።

ታዲያ ከቀዳቸው ዘፈኖች ሁሉ የሚያፍርባት አንዲት አለች፤ እሷም በሁሉም የምትወደደዋ ናት።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ዘፋኟ ያኔ ገና ልጅ ነበረች፤ ድምጿ ግን ከዕድሜዋ ቀድሞ አዝኗል። መግቢያውን ጊታር ብቻውን ይጫወተዋል፤ ወርዶ ወጥቶ መጨረሻዋን ኖታ ሲመታ እሷ ትገባለች። ልድገም ሲጀምር የምሳ ሰዓት ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ጣቶቹ የዚያን ቀን እንደ ውሃ ይፈሱ ነበር። መጨረሻዋ ኖታ ላይ ሲደርስ የሸሚዙ እጅጌ ቁልፍ ክሩን ያዘችው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ቁልፏን አላቆ ኖታዋን እስኪመታ ድረስ፣ አንድ ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ሐሳቡን የሚለውጥበት ያህል ጊዜ አለፈ።

«አንዴ ልድገም» አለ።

ከላይ አሥራ አራቱ መኪናዎች ተነሱ። በማግስቱ ስቱዲዮው ለሌላ ሰው ተይዟል። ኢንጂነሩ ማንም አያስተውለውም ብሎ ካሴቱን አነሳው።

ከሦስት ቀን በኋላ ዘፋኟ መጣች። ማዳመጫውን አድርጋ ስትጠብቅ፣ ጊታሩ የመጨረሻዋ ኖታ ደፍ ላይ ደርሶ ዝም አለ። እሷም ሳታስበው ትንፋሿን ሳበች፤ ትንፋሿም ተቀዳ። ከዚያ የዘገየችው ኖታና የመጀመሪያ ቃሏ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፦

እጄ ፈርቶ ቀረ ሳያንኳኳ በሩን፣
ልቤ ግን ለመንደር አወራው ምስጢሩን።

አገር ያበደው በግጥሙ አይደለም፣ በዜማውም አይደለም፤ በዚያች ዝምታ ነው። የተጣላ የታረቀባት፣ ፈራ ተባ ያለ ደፍሮ ስልክ የደወለባት ዝምታ ሆነች። ዘፋኟ ራሷ በአንድ የራዲዮ ጨዋታ ላይ ስለ ጊታር ተጫዋቹ ተጠይቃ፣ ሽፋኑ ላይ ስሙ ስላልተጻፈ ማን እንደሆነ እንደማታውቅ ተናገረች። «ግን ጠበቀኝ» አለች። «በሕይወቴ የጠበቀኝ ወንድ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።»

ሚስቱ ይህን የሰማችው ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አንድ የሱሪ እግር በእጇ እንደያዘች ዞራ አየችው። «እኔን ግን ገና ስንተዋወቅ ፖስታ ቤት በር ላይ ሁለት ሰዓት አስቁመኸኛል» አለችው።

ልድገም ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ራዲዮውን ይዘጋል። ሰው ሁሉ የሚያቃስትባት ቦታ ላይ እሱ የሚሰማው አንዲት ቁልፍ ነች። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ግን መግቢያውን አስተካክሎ ይጫወተዋል፤ ሳይዘገይ፣ ሳያደናቅፍ፣ መሆን እንደነበረበት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቁስል ሲያክም ኖሮ፣ በመጨረሻ ጠባሳው እንኳ ጠፋ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዘፋኟ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ ልትዘፍን ተነሳች፤ በዚያ ዘፈን ላይ የተጫወተው ሰው ራሱ አጠገቤ ካልተቀመጠ አልዘፍንም አለች ተባለ። ወሬውን ያመጣው ኢንጂነሩ ነው። ልድገም ወሬውን ይዞ ቤቱ ገባና፣ ሳይጋብዙት የማይናገረው ሰው፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ተናገረ። መድረክ። መብራት። ወንበር።

አማቱ በማግስቱ ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው መጡ። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ባለሱቁ ልድገምን ሲያይ ከመቀመጫው መነሳት ጀመረ። «ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው» አሉ አማቱ። «እንደ ሰውዬዬ አውቶቡስ፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለውን ሰው ማየት አለብኝ። ዓይኔ ሳይደክም።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። ልድገም ያን ቀን ገባው፤ ይህን ሁሉ ዓመት የቀለዱበት እየመሰለው፣ ለካ እሳቸው የምራቸውን ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

የመለማመጃው ቦታ አሮጌ ሲኒማ ቤት ነበር። ልድገም በቀጠሮው ሰዓት ሲደርስ አራት ሰዎች ጊታር ይዘው ተደርድረዋል፤ አራቱም «በዚያ ዘፈን ላይ የተጫወትኩት እኔ ነኝ» ብለው የመጡ ናቸው። ስም በሌለበት ሁሉም ባለስም ነው። ከአራቱ አንዱማ ተጫውቼዋለሁ ያለው እንባ እየተናነቀው ነበር፤ በሐሰት እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ልድገም አይቶ አያውቅም።

ዘፋኟ መድረኩ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ይወዛወዛል። መለያዋ ቀላል ነበር፦ ተጫወቱ፣ እኔ እገባለሁ፤ እሱ ከሆነ አውቀዋለሁ አለች። አራቱን ሰምታ አሰናበተች። ልድገም ወጣ።

ከእሷ ጋር በአንድ ዘፈን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ ፊቷን በቅርብ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ። በሕይወቱ እንደዚያ ተጫውቶ አያውቅም። መግቢያው ከጣቱ ተንሸራቶ ወጣ፤ መጨረሻዋ ኖታ በሰዓቷ፣ በቦታዋ፣ ያለ አንዳች እንከን ተመታች። ዘፋኟ ትንፋሿን ልትስብ ስትል ኖታዋ አልፋት ሄደች። አፏ ተከፍቶ ቀረ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ቀደማት። ሦስተኛው ላይ እጇን አነሳች።

«አንዴ ልድገም?» አለ።

«አይ፣ ይበቃል» አለች በትሕትና። «በጣም ያምራል የሚጫወቱት። እሱ ግን አይደሉም።»

ከኋላ የባንዱ አዲስ ጊታር ተጫዋች ቆሞ ነበር፤ ሰላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፀጉሩ ከትከሻው የወረደ። ሙዚቀኞቹ የሰማውን ሁሉ እንደሰማው ስለሚያወጣው «ፎቶ ኮፒ» ብለውታል። እሷ ለጨዋታ ያህል አንተስ አለችው። እሱም ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ እንደነበረ ነግሯት፣ ሁሉንም አስስቆ፣ ተጫወተው። ልክ እንደ ካሴቱ። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በጥፍሩም ክሩን ቸክ አደረጋት። የቁልፏን ድምፅ! ልድገም በቆመበት ጆሮው ድረስ ጋለ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ሳበችና ገባች።

አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ ያቺ ዝምታ ስህተት ነች፣ ቁልፍ ናት ቢላት። ግን በዚያች ዝምታ አንድ ወንድ እንደጠበቃት አምና ነው ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችው። የጠበቀችሽ የሸሚዝ ቁልፍ ናት ብሎ ለሴት እንዴት ይነገራል? ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛና ወጣ።

ቤት ሲደርስ አማቱ ልምምዱ እንዴት ነበር አሉት። ጥሩ ነው አለ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጊታሩን ተሸክሞ፣ በባለሱቁ እየተመረቀ ይወጣል፤ ስቱዲዮ ሄዶ ካልሲ በለበሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይውላል። ከላይ መኪናዎቹ ይንጣጣሉ። ሚስቱ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አውቃለች፤ የልምምድ ሰው ሲደክመው ነው የሚገባው፣ እሱ ግን ሳይደክመው አዝኖ ይገባ ነበር። አልጠየቀችውም። ሸሚዙን ተኩሳ ወንበሩ ላይ ታኖርለታለች።

በመለማመጃው ደግሞ ነገር ተበላሸ። ፎቶ ኮፒ ዝምታዋን እንደ ካሴቱ ለክቶ ይዟታል፤ በጠዋትም በማታም ያችው ናት፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። የዘፋኟ ትንፋሽ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አርጅቷል። የዛሬው ትንፋሽ ከደረት ለመነሳት ረጅም መንገድ አለው፤ አንድ ቀን ፈጥኖ ይመጣል፣ አንድ ቀን ይዘገያል። ኖታዋ ትቀድማታለች፣ እሷ ትቆጣለች፣ እሱ ካሴቱን ያሰማታል። ካሴቱን ባሰማት ቁጥር የበለጠ ትቆጣለች፤ የወጣትነት ፎቶግራፏን አምጥቶ ለምን ይህን አትመስይም ያላት ያህል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ድምፅ ሊቆጣጠር የተቀጠረው ኢንጂነሩ፣ ልድገም አትናገር ቢለውም፣ ዝም ማለት አቃተው። ያንን ዘፈን የቀዳሁት በዚህች እጄ ነው፣ ያባረሩትም ሰው ጊታሩን የተጫወተው ራሱ ነበር አላት። አልቆየም፤ ልድገምን ከምድር ቤቱ አውጥቶ አመጣው።

ዘፋኟ መነጽሯን አድርጋ ተመለከተችው። «እርስዎ ከሆኑ» አለች፣ «የዚያን ቀን ለምን ጠበቁኝ? እዚህ ስመጣስ ለምን ጥለውኝ ሄዱ?»

ልድገም ኢንጂነሩን አየ። ኢንጂነሩ ጣሪያውን አየ።

«ያኔ የጠበቅሁት የሌለ ሰው ነበር» አለ ልድገም። «የሌለ ሰው መጠበቅ ቀላል ነው። እዚህ በአካል ሳገኝዎት ደንግጬ ቸኮልኩ።»

ኢንጂነሩ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ነገር አወጣ። የሚገርመው ግን፣ ልድገም ውሸት ሊናገር አፉን ከፍቶ የወጣው እውነት ነበር፤ ይህንንም ያወቀው ከተናገረው በኋላ ነው።

«እንግዲያው ኖታዋን ይተዋት» አለች። «እኔን ብቻ ይዩኝ።»

ተጫወተ። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ እጁን አንስቶ አያት። ትከሻዋ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቆየ፤ ቀስ ብሎ ደረቷ ሞላ። ያን ጊዜ መታት። አብረው ገቡ። ሲኒማ ቤቱን ይጠርግ የነበረ ሰውዬ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ።

የዘፋኟ ማናጀር ግን አንድ ጣጣ ነበረበት፤ ፖስተሩ ታትሞ ከተማው ሁሉ ላይ ተለጥፏል። ፖስተሩ ላይ ከዘፋኟ አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ነው፤ ያ ፀጉሩ፣ ያ ትከሻው። ማናጀሩ ልድገምን ከፎቶ ኮፒ ጎን አቁሞ አየና፣ ራሰ በራነቱንና የንባብ መነጽሩን ሲያይ አገጩን አሸ። መላውን ያገኘው በማግስቱ ነው፦ ፎቶ ኮፒ መድረኩ ላይ ይቀመጥ፣ ለዚያ ዘፈን ክሩን ይንካ እንጂ ድምፁ አይወጣም፤ ልድገም ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ይጫወት። ዘፋኟ አፍራ መሬት መሬት አየች። ፎቶ ኮፒም አፈረ፤ «ጋሼ፣ እኔ ባልወጣ እመርጣለሁ» አለው፤ ከልቡ ነበር።

ልድገም ሁሉንም ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ከመጋረጃው ኋላ ሁለት ወንበር ይጨመርልኝ አለ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አማቱ በአዲስ ቀሚሳቸው የፊት ለፊቱን ረድፍ ሲፈልጉ፣ ሚስቱ ክንዳቸውን ይዛ በጎን በር አስገባቻቸው። ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመዶች ተራምደው፣ በሳጥኖች መሐል አልፈው፣ አቧራ አቧራ በሚሸት ጨለም ያለ ቦታ አንድ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አማቻቸው ጊታሩን ታቅፏል። በመጋረጃው ስንጥቅ በኩል የዘፋኟ ጀርባ ይታያል።

«ምነው እዚህ?» አሉ በሹክሹክታ።

«እማማ፣ የእኔ ሥራ እዚህ ነው ያለው» አላቸው። «ከወዲያ ማዶ ሆነው አያዩትም ነበር።»

አማቱ ዙሪያውን ቃኙ። መልስ ሊሰጡ ሲሉ እሱ ጀመረ።

ወረደ፣ ወጣ። አማቱ ጣቶቹን ለማየት ወደፊት ዘመም አሉ። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ እጁን አንስቶ ቆመ። በስንጥቁ በኩል የዘፋኟን ጀርባ ያያል፤ ትንፋሽ ከፊት ይልቅ በጀርባ እንደሚታይ ያን ቀን ነው የተማረው። ከወዲያ ፎቶ ኮፒ ድምፅ የሌለውን ክሩን ነክቶ ጨርሷል። አማቱ ይህን አይተው፣ አማቻቸው የዘገየ መስሏቸው ምላሳቸውን ነከሱ። ልድገም ግን አልነካም። የቀሚሷ ስፌት በትከሻዋ መሐል ተወጠረ፣ ገና ነው፤ አንገቷ ቀና አለ፣ ገና ነው። ሺህ ሰው የሞላው አዳራሽ ትንፋሹን ይዟል፤ የያዘለት እጅ የማን እንደሆነ አያውቅም። አማቱ ሳያስቡት አጠገባቸው የተቀመጠችውን የልጃቸውን ጉልበት ጨበጡ።

መታት። ድምፁ ገባ።

ዘፈኑ አልቆ አዳራሹ ሲናወጥ ፎቶ ኮፒ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ምን ያድርግ። ልድገም በመሐረብ መዳፉን እየጠረገ አማቱን ለማየት ፈራ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከጨዋታህስ ዝምታህ ይበልጣል» አሉ።

ሚስቱ ሳቋን በእጇ አፈነች። አማቱ ወንበራቸውን በመዳፋቸው ገፍተው፣ ጉልበታቸው ከጉልበቱ ሊነካካ እስኪደርስ ተጠጉት።

«ሌላስ?» አሉት። «ሌላ የት የት ላይ ዝም ብለሃል?»